በእንስላሉ አበባ ላይ የሚያርፉት ዝንቦች፦ የትኛው የትኛው ነው?

ባለ ደብተሯ፦

ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁም። በጡረታ ከተገለልሁ ወዲህ የምውለው ጓሮዬ ውስጥ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት በሒሳብ መዝገብ ላይ ስለሆነ «ልዩ ልዩ» የሚባል ዓምድ ሲያብጥ ማየት አልወድም። የተቸገርሁትም በዚሁ ነው። የጓሮዬን ነፍሳት በደብተር መመዝገብ ጀምሬ ንቡም፣ ቢራቢሮውም፣ ጥንዚዛውም ቦታ ቦታውን ያዘ፤ «ልዩ ልዩ ዝንቦች» የሚለው ዓምድ ግን ገጹን ሞልቶ ወደሚቀጥለው ተሻገረ።

እንስላሉና ድንብላሉ አብበዋል። ፀሐይ ሞቅ ሲል አበባው ላይ የማይመጣ ፍጥረት የለም። በስልኬ ካሜራ ተጠግቼ ያነሳኋቸውን አያይዣለሁ፤ ፎቶው የማያሳየውን ደግሞ ልጻፍ።

ፎቶ ሀ፦ ንብ የሚያህል፣ ቡናማ፣ ሆዱ ላይ በግራና በቀኝ ብርቱካናማ ምልክት አለው። አበባው ላይ እንደ ንብ ይንጎራደዳል፤ የኋላ እግሩ ላይ ግን የአበባ ዱቄት ተሸክሞ አይቼው አላውቅም። ጣቴን ባስጠጋ ይሸሻል እንጂ አይናደፍም።

ፎቶ ለ፦ ቀጠን ያለ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለበት ያለው። በአየር ላይ አንድ ቦታ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከዚያ ሳታስበው ሌላ ቦታ ታገኘዋለህ። የጎረቤቴ ልጅ ተርብ ነው ብላ ሸሽታለች።

ፎቶ ሐ እና መ፦ ሁለቱም እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ናቸው። ሐ ወፍራምና ጩኸታም ነው። መ ግን ደቃቃ፣ እግረ ረጅም፣ በቅጠል ላይ ሮጥ ሮጥ የሚል።

ፎቶ ሠ፣ ረ እና ሰ፦ ሦስቱም ግራጫ። እነዚህ ናቸው የገደሉኝ። ሠ ቂጡ ላይ የተንጨባረረ ጠንካራ ፀጉር አለው። ረ ከሁሉም ይተልቃል፣ ዓይኑ ቀይ ነው፣ ሆዱ ላይ ጥቁርና ብርማ ካሬዎች አሉ፤ እኔ ቦታ ስቀይር ካሬዎቹም ቀለም ይቀያየራሉ። ሰ ትንሽና ሸንቃጣ ነው፤ ከአበባው ይልቅ አዲስ በተዘራው መደብ ላይ ዝቅ ብሎ ሲዞር ነው የማገኘው።

የምጠይቀው ይህን ነው። ያለ ማይክሮስኮፕ የሚለዩበት ምልክት አለ ወይ? ተክል የሚጎዳውስ የትኛው ነው? አንድ ዘመዴ የሚረጭ መድኃኒት ይዞልኝ መጥቷል፤ ማንን እንደምገድል ሳላውቅ ግን ጠርሙሱን አልከፍትም።

ጎመን ተካይ፦

እናቴ፣ ራስዎን አያድክሙ። ዝንብ ዝንብ ነው። እኔ በየመደቡ ቢጫ ማጣበቂያ ወረቀት ሰቅያለሁ፤ ማታ ሳየው ጢም ብሎ ነው የሚያድረው። ስሙን ቢያውቁት ምን ያደርግልዎታል?

ክንፍ አንባቢ፦

እመቤት ባለ ደብተር፣ ከፎቶዎቹ ይልቅ የረዳኝ የጻፉት ነው። ስለ ኋላ እግሩና ስለ ካሬዎቹ መቀያየር ያሰፈሩት ብዙ ተማሪ የማያስተውለው ነገር ነው። እኔ የነፍሳት ናሙና በመርፌ እየሰካሁ ሳጥን ስሞላ የኖርሁ ሰው ነኝ። ከዚያ ሥራ የቀረልኝ ጠባይ ቢኖር ቀለምን አለማመን ነው። ቀለም በመጨረሻ የሚጠራ ምስክር ነው፤ እሱም ቢሆን ተገዝቶ ሊሆን ይችላል። ፎቶ ለ ላይ ያለው ዝንብ ቢጫና ጥቁር የለበሰው እኮ ወፍም ሰውም ተርብ መስሏቸው እንዲተዉት ነው። የጎረቤትዎ ልጅ የሸሸችው ዝንቡ እንደፈለገው ነው።

በመጀመሪያ የዝንብና የንብ ጉዳይ ይለይ። ዝንብ 2 ክንፍ ብቻ ነው ያለው፤ የኋለኛው ጥንድ አንሶ አንሶ ጫፉ የደበለበለ ዘንግ ሆኖ ቀርቷል፣ በበረራ ጊዜ ሚዛን ይጠብቅበታል። ንብና ተርብ 4 ክንፍ አላቸው። ችግሩ የንብ የፊትና የኋላ ክንፍ በጥቃቅን መንጠቆ ስለሚያያዝ በፎቶ አንድ መምሰሉ ነው። ክንፍ መቁጠር ካልሆነልዎ አንቴናውን ይዩ። የንብ አንቴና ረዘም ብሎ መካከሉ ላይ ይታጠፋል። የእርስዎ ዝንቦች አንቴና ግን ጉርድ ነው፤ በላዩ አንዲት ቀጭን ፀጉር ብቻ ትወጣለች። ፎቶ ሀ ላይ ይህ ጉርድ አንቴና ጥርት ብሎ ይታያል። ስለዚህ ንብ አይደለም።

ኤሪስታሊስ ቴናክስ ይመስለኛል፤ ግን እርስዎ ያረጋግጡልኝ። ፎቶውን አስፍተው ዓይኑን ይመልከቱ። ዓይኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ 2 የጠቆሩ የፀጉር መስመሮች ካሉ ዝርያው እሱ ነው። ቀጥሎ ክንፉን ይዩ። ርዝመቱን ተከትለው ከሚሄዱት መስመሮች አንደኛው ወደ ክንፉ ጫፍ ከመድረሱ በፊት ወደ ኋላ በጥልቀት ይጎደጉድና እንደገና ይነሳል። ጉድጓዱ ብቻውን ዝርያውን አይነግርዎትም፤ የቅርብ ዘመዶቹም አላቸው። የዓይኑ ፀጉር ግን የራሱ ነው። ወንድ ከሆነ ሁለቱ ዓይኖች አናቱ ላይ ይገጥማሉ፣ ሴቷ ላይ ክፍተት አለ።

የዚህ ዝንብ እጭ በበሰበሰ ፈሳሽ ውስጥ ያድጋል፤ በጭራው በኩል የሚረዝምና የሚያጥር የአየር ቧንቧ ወደ ውኃው ገጽ ልኮ ይተነፍሳል። በጥንት ዘመን ከሞተ በሬ ውስጥ ንብ ይወለዳል የሚል እምነት ነበር። ኦስተን ሳከን የተባለ የዝንብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1894 ባሳተመው ጥናት፣ ያ «ንብ» ይኸው ዝንብ ነበር ብሎ ተከራክሯል። የሳምሶንን አንበሳም ከዚህ ጋር የሚያያይዙ አሉ፤ ነገር ግን ዝንብ ማር አይሠራምና እኔ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። ለፍጥረታት ሳይንሳዊ ስም የማውጣቱን ሥርዓት የዘረጋው ሊኒየስም እ.ኤ.አ. በ1758 ለዚህ ፍጥረት ስም ሲያወጣ ከቤት ዝንብ ጋር በአንድ ወገን ሥር፣ ሙስካ ብሎ ነበር የመዘገበው። በልዩ ልዩ ዓምድ የተቸገሩ እርስዎ የመጀመሪያዋ አይደሉም።

ፎቶ ለ የዚያው ቤተሰብ አባል ነው፤ ሲርፊዴ የሚባለው የአበባ ዝንቦች ቤተሰብ ነው፣ 6,000 ያህል ዝርያዎች ይታወቁለታል። የቤተሰቡ ማኅተም ክንፉ መካከል ላይ ነው። ከሌሎቹ መስመሮች ጋር በየትኛውም ጫፍ የማይገናኝ፣ ብቻውን የተንሳፈፈ ፈዛዛ መስመር አለ። ሌላ መስመር ይመስላል እንጂ መስመር አይደለም፣ የክንፉ እጥፋት ነው። የዝርያው ጉዳይ ሲመጣ የሆዱን ቀለበት በደንብ ይዩት። በሰፋፊዎቹ ጥቁር ቀለበቶች መካከል፣ ቢጫው ላይ፣ አንድ ሌላ ክር የሚያህል ጥቁር መስመር ካለ ኤፒሲርፈስ ባልቲያቱስ የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ስም ሳይወጣለት ቢቀርም ይህን ዝንብ እንዳይነኩት። የእሱ እጭ የክሽክሽ፣ ማለትም የተክል ጭማቂ የሚመጡ የደቃቃ ነፍሳት፣ ጠላት ነው፤ አንዱ ብቻ አድጎ እስኪጨርስ በመቶ የሚቆጠር ክሽክሽ ይበላል። ክሽክሽ በወረረው ቅጠል ጀርባ ላይ እግር የሌለው፣ በጭንቅላቱ በኩል የሾለ፣ አረንጓዴ ወይም ፈዛዛ ትል ካገኙ አይጨፍልቁት።

ግራጫዎቹን ደግሞ እንዲህ ያጣሯቸው። የቤት ዝንብ ደረቱ ላይ 4 ጥቁር መስመሮች አሉት፤ ክንፉ ጫፍ አካባቢ ያለው ረጅም መስመር በሹል ማዕዘን ወደ ላይ ይሰበራል። ረ የሥጋ ዝንብ ነው፣ ሳርኮፋጊዴ። የደረቱ መስመሮች 3 ናቸው፤ ያዩት ካሬ የሚቀያየረውም ብርማው ብናኝ ብርሃን በሚመታበት አቅጣጫ ስለሚለዋወጥ ነው። እናቲቱ እንቁላል ሳይሆን የተፈለፈለ እጭ ነው የምትጥል። ለተክል ምንም አይደለም፤ አበባው ላይ የመጣው ለጣፋጩ ፈሳሽ ነው።

ሠ ለጓሮ ሰው ዋና እንግዳ ነው። ታኪኒዴ ይባላል፤ ከ8,000 በላይ ዝርያዎች ተገልጸውለታል። ቂጡ ላይ የተንጨባረረው ፀጉር ጥሩ ጥቆማ ነው፤ ማረጋገጫው ግን ሌላ ነው። ከጎን ሲያነሱት ደረቱ ጀርባ መጨረሻ ላይ ካለችው ሦስት ማዕዘን ክፍል ሥር ሌላ ያበጠ ጉብታ ይታያል። የሥጋ ዝንብ ይህ ጉብታ የለውም። የታኪኒዴ እጭ በሌላ ነፍሳት ገላ ውስጥ ነው የሚያድግ፤ ብዙዎቹ የሚያጠቁት ጎመን የሚበሉ አባጨጓሬዎችን የመሰሉትን ነው።

ሰ ከሁሉም ያሳሰበኝ ነው። መደብ ላይ ዝቅ ብሎ ይዞራል ማለትዎ ወደ አንድ ነገር ይወስደኛል፤ በቅርቡ ምን እንደዘሩና አፈሩን እንዴት እንዳዘጋጁ ሳይነግሩኝ ግን ስም አልሰጠውም። የክንፉን መስመርም ይዩልኝ፦ ይሰበራል ወይስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል?

ለጎመን ተካይ፦ ወንድሜ፣ ቢጫ ወረቀት አበባ የሚወዱትን ዝንቦች አስቀድሞ ነው የሚጠራው። ጢም ብሎ ካደረው ውስጥ ቢጫና ጥቁር ቀለበት ያላቸውን ይቁጠሩና ይንገሩን።

የኮምፖስት ልጅ፦

እትዬ፣ የእርስዎን ጥያቄ ተገን አድርጌ የኔን ላስገባ። የኮምፖስት ሳጥኔ አጠገብ ጥቁር፣ ረዘም ያለ፣ አንቴናው እንደ ተርብ የረዘመ ነፍሳት አለ። አበባ ላይ አያርፍም፣ ሳጥኑ ግድግዳ ላይ ይቀመጣል። ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ጠፍጣፋ ቡናማ ትሎች ሞልተዋል። ክንፍ አንባቢ አንቴናው ጉርድ ከሆነ ዝንብ ነው ብለዋል፤ የዚህ ረጅም ነው። ተርብ ነው ማለት ነው?

ክንፍ አንባቢ፦

የጻፍኩት በእመቤት ባለ ደብተር ፎቶዎች ላይ ስላሉት ዝንቦች ነው፤ አንቴናቸው የረዘመ ዝንቦችም ሞልተዋል፣ ትንኝ አንዱ ነው። ያንተ ሄርሜቲያ ኢሉሴንስ ይመስላል፣ ጥቁሩ ወታደር ዝንብ። ሆዱ ሥር ላይ ወገቡን የቀጠነ የሚያስመስሉ 2 ብርሃን የሚያሳልፉ መስኮቶች አሉ፤ የእግሮቹ ጫፍ ነጭ ነው። መስኮቶቹን በብርሃን አንጻር ካየሃቸው ጉዳዩ አለቀ። አይናደፍም፣ አይነክስም። ትሎቹ ኮምፖስትህን እየሠሩልህ ነውና ተዋቸው።

ባለ ደብተሯ፦

ወንድሜ ክንፍ አንባቢ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፎቶ ሳሰፋ ዋልሁ።

ሀ ዓይኑ ላይ መስመሮቹ አሉ። መጀመሪያ የአበባው ጥላ መስሎኝ ነበር፤ ሌላ ፎቶ ከሌላ አቅጣጫ ብመለከት እዚያው ናቸው፣ ሁለት የጠቆሩ ቀጥ ያሉ የፀጉር ሰልፎች። የክንፉ ጉድጓድማ ካሳዩኝ ወዲያ ዓይኔ ሌላ አያይም። ዓይኖቹ አናት ላይ ክፍተት አላቸው፤ ስለዚህ ሴት ናት። መዝግቤያለሁ።

ለ ላይ ክር የሚያህለው መስመር አለ፤ ተንሳፋፊው የክንፍ መስመር ግን በስልኬ ካሜራ አልወጣም። ሠ ከጎን የተነሳ ፎቶ የለኝም፤ ነገ ፀሐይ ስትወጣ እጠብቀዋለሁ።

ወደ ሰ ልምጣ። የክንፉ መስመር አይሰበርም፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄድ። የዘራሁት ቦሎቄ ነው። መደቡን ከመዝራቴ ጥቂት ቀን በፊት ገና ያልበሰበሰ ፍግና የታጨደ አረም ቀላቅዬበታለሁ፤ ዘሩ ከገባ ወዲህ ሰማዩ ጠቁሮ ብርድ ነው የከረመው። ከዘራሁት ገሚሱ አልበቀለም። የበቀለውም አንዳንዱ ያለ ቅጠል፣ ራሱ የተቆረጠ አገዳ ብቻ ሆኖ ብቅ ብሏል። ዛሬ አንዱን ያልበቀለ ፍሬ ቆፍሬ አወጣሁት። ልጣጩ ደህና ነው፤ በአውራ ጣቴ ሰንጥቄ ስከፍተው ግን ውስጡ ቦይ ቦይ ሆኖ ተበልቷል፤ በቦዩ ውስጥ የሩዝ ፍሬ ከሚያህል ያነሰ ነጭ ትል አለ፤ ጭንቅላት የለው፣ እግር የለው፣ ባንድ ወገን ሾሏል።

ጎመን ተካይ፦

ቆጠርኩ። ቀለበት ያላቸው ብዙ ናቸው፣ አልዋሽም። ወረቀቱን ግን አላወርድም፤ ጎመኔ ላይ ነጭ ዝንብ አለብኝ። ክሽክሹም ዘንድሮ በዝቷል።

ክንፍ አንባቢ፦

እመቤት ባለ ደብተር፣ ፍሬውን ሰንጥቀው ማየትዎ ከማንኛውም ፎቶ ይበልጣል። ዴሊያ ፕላቱራ ነው ብዬ አስባለሁ፣ የዘር ትል የሚወጣው ከእሱ ነው። ጉልምሱ ትንሽ የቤት ዝንብ ይመስላል፤ ልዩነቱ ያ ቀጥ ያለው መስመር ነው። ቀጥ ያለ መስመር ያላቸው ሌሎች ትናንሽ ግራጫ ዝንቦችም አሉ፤ ለምሳሌ ፋኒያ፣ ቤት ውስጥ ከአምፑል ሥር ማዕዘን እየሠራ የሚዞረው። ሰው ክንፍ ብቻ አይቶ ሁለቱን ቢያምታታ አይፈረድበትም። የእርስዎ አፈር፣ የእርስዎ ዘር፣ የእርስዎ ትል ሲጨመሩ ግን ሚዛኑ ወደ ዴሊያ ያደላል።

እናቲቱ እንቁላሏን ለመጣል የምትፈልገው አዲስ የተገላበጠ፣ ያልበሰበሰ ፍግና አረም የተቀላቀለበት እርጥብ አፈር ነው፤ ሽታው ይስባታል። ብርድ ደግሞ ዘሩን ያዘገየዋል፣ ትሉም ጊዜ ያገኛል። መድኃኒቱን አበባው ላይ ቢረጩት ሀን፣ ለንና ሠን ይገድሉ ነበር፤ መሬት ውስጥ ፍሬው መካከል የተቀመጠውን ትል ግን ጠብታው አይደርስበትም። በዚያ መደብ ላይ አሁኑኑ መልሰው አይዝሩ። ፍጉ እስኪበሰብስ 3 ሳምንት ያህል ይተዉት፤ አፈሩ ሲሞቅ ዘሩን ሳያጠልቁ ይዝሩ፣ ቶሎ ብቅ እንዲል። ከዘሩ በኋላ በቀጭን መረብ ጠርዙን አፈር አልብሰው ቢሸፍኑት እናቲቱ መግቢያ ታጣለች፤ ብቻ ከመረቡ ሥር ቀድሞ የገባ ሙሽሬ (ወደ ዝንብ ለመለወጥ አፈር ውስጥ የተኛ ትል) እንዳይኖር ሌላ መደብ ቢመርጡ ይሻላል።

ጎመን ተካይ፣ ነጭ ዝንብ ባለ 4 ክንፍ የክሽክሽ ዘመድ ነው፤ ለእሱ ወረቀቱ ይሠራል። ዝቅ አድርገው ከጎመኑ ቅጠል አጠገብ ይስቀሉት፣ ከአበባ ግን ያርቁት። ክሽክሹ ለምን እንደበዛ ወረቀቱ ላይ ተጣብቆልዎታል።

አጉሊ መነጽር፦

ስለ ሐ ማንም ምንም አላለም። የኔ ጥንቃቄ ይኸውላችሁ። አረንጓዴና ወፍራም ሁሉ ሉሲሊያ እየተባለ ይመዘገባል፤ ክራይሶማያም አረንጓዴ ነው። ለመለየት ክንፉ ከደረቱ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ያለውን ወፍራም መስመር ከላይ ማየት ያስፈልጋል። እዚያ ላይ የጥቃቅን ፀጉሮች ረድፍ ካለ ክራይሶማያ ነው፣ መላጣ ከሆነ ሉሲሊያ። በስልክ ካሜራ ይህ አይታይም። ሉሲሊያ ነው ቢባል እንኳ፣ ሁለቱን የሉሲሊያ ዝርያዎች፣ ሴሪካታን ከኩፕሪና፣ ለመለየት የፊት እግሩ ጭን አረንጓዴ ያብረቀርቃል ወይስ ጠቁሯል የሚለውን ማየት ይጀመራል፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን በፀጉር ቆጠራ የሚጣሉ ሰዎች አሉ። ከአንድ ፎቶ ተነስታችሁ የዝርያ ስም እንዳትጽፉ።

መ ግን ከእነዚህ አይደለም። ዶሊኮፖዲዴ ነው፣ እግረ ረጅሙ ቤተሰብ። ቅጠል ላይ የሚሮጠው ከራሱ ያነሱ ለስላሳ ነፍሳትን እያደነ ነው።

ክንፍ አንባቢ፦

በሁሉም እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር። እመቤት ባለ ደብተር፣ ሐን ክዳን ባለው ጠርሙስ ይያዙትና ለጥቂት ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይደለም። ይደነዝዛል እንጂ አይሞትም። ነጭ ወረቀት ላይ አውጥተው በስልኩ ካሜራ ፊት አጉሊ መነጽር ደግነው ከላይ፣ ከጎን እና ከፊት ያንሱት። ከላይ ሲያነሱ ክንፉ ከደረቱ ጋር የሚጋጠምበትን ጥርት አድርገው ያንሱልኝ። ሲሞቀው ራሱ ተነስቶ ይሄዳል። ሠንም እንዲሁ ያድርጉት፤ እሱን ግን ከጎን፣ ጉብታው እንዲታይ።

ባለ ደብተሯ፦

ጠርሙሱ ተዘጋጅቷል። መድኃኒቱን ለዘመዴ መልሼዋለሁ፤ ቅር ብሎታል። ቦሎቄውን ወደ ላይኛው መደብ አዛውረዋለሁ፣ እዚያ ፍግ ከገባ ቆይቷል። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ መረቡ ከላይ ሲሸፈን ቦሎቄው አበባ ሲያወጣ ንብ እንዴት ይገባል?

ክንፍ አንባቢ፦

እስከዚያ ድረስ መረቡ አያስፈልግዎትም። ቅጠሉ በደንብ ከተዘረጋና አገዳው ከጠነከረ የዘር ትል ጊዜው አልፎበታል፤ ያን ጊዜ ያንሱት።